ሁሉን የሚጸየፉት ሲስተር ሙሉነሽ

ሲስተር ሙሉነሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። እማዬ ያልተሰጣ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በር ላይ ቆማ፣ "ሲስተር አረፉ አሉ፤ እዚያው ወረታ፣ እህታቸው ዘንድ" አለችኝ። ማልቀስ ነበረብኝ። እኔ ግን ቶሎ ዓይኔ ላይ የመጣው አፍንጫቸው ነው። አንድ ነገር ሲሸታቸው የላይኛው ከንፈራቸው ወደ ግራ ይሸሻል፣ የአፍንጫቸው ቀዳዳዎች ጥብብ ይላሉ፣ ከዚያ "እህህህ! ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?" ይላሉ። ደብረ ታቦር ላይ እንደ እሳቸው የሚጸየፍ ሰው አልነበረም። የሚያስጸይፍ ነገር እንደ እሳቸው በባዶ እጁ የሚነካ ሰውም አላየሁም።

ከተማውን ለቀው ሲሄዱ ሰው ያላላቸው ነገር የለም። "መርዝ ስትሸጥ ኖራ ሄደች" ያሉም ነበሩ። ሰው ከመድኃኒት ቤታቸው መግዛት የተወው በእኛ ቤት ሰበብ፣ በታላቅ እህቴ በእመቤት ፊት ሰበብ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እመቤትን ልጽፈው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። "ጻፊው፤ የእኔንም ሳትደብቂ" ብላኛለች።

መድኃኒት ቤታቸው ከእኛ በር አራት ቤት ዝቅ ብሎ ነበር። ዕድሜያቸውን በጤና ጣቢያ ነርስነት ጨርሰው ጡረታ ሲወጡ የከፈቱት ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ የመደርደሪያውን አቧራ እጠርግላቸው ነበር። እሳቸው የሚሉኝ "ጎሽ የኔ ልጅ፤ በይ አሁን እጅሽን ታጠቢ" ነው። ተመልሼ ስመጣ "እስከ ክርንሽ ነው ያልኩሽ" ይሉኛል። የሰው ስልክ በወረቀት ጠቅልለው እንጂ አይዙም። በሰው ቤት ውሃ አይጠጡም። ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ ንፍሮውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው፣ ማንም ሳያያቸው ለእኔ ያቀብሉኛል።

እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገርና የሚቀፍ ነገር ማየት ነፍሴ ነው። እዚያ መድኃኒት ቤት የሚመጣው ጉድ ደግሞ አያልቅም ነበር፤ ይልቁንም ከታኅሣሥ በኋላ። የእኛ አገር ብርድ አታላይ ነው። ሰው ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ስለበረደው ፀሐዩ የሚያቃጥለው አይመስለውም። ማታ ግንባሩ ሲግል ጉንፋን ነው ይላል። ጠዋት ሲላጥ ደግሞ ቤት ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይቀባዋል። ሲስተርን የሚያበሳጫቸው ቃጠሎው ሳይሆን ይኼ የተቀባው ነው።

አንድ ቀን ከቆላ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጓደኞቹ ደግፈው አመጡት። እጅጌ በሌለው ካናቴራ ጉና ተራራ ወጥቶ ሲዞር ውሏል። ትከሻው ላይ ውሃ የቋጠረው ነገር እንደ ሽሮ ወጥ እዚህም እዚያም ተንተክትኳል፤ አንዳንዱ ፈንድቶ ቢጫ እዥ እስከ ክንዱ ወርዷል። ሲስተር ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ከንፈራቸው ወደ ግራ ሸሸ።

"ምን ነው ያደረጋችሁበት?"

"ሎሚና ጨው፣ ሲስተር" አለ አንዱ ጓደኛው፣ ጥሩ ነገር እንደሠራ ሰው ኮራ ብሎ።

"ሎሚና ጨው! ልትበሉት ነው እንዴ? ቃሪያውን ረሳችሁታ!"

ልጁ እያለቀሰ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ኤዲያ! እህህ!" እያሉ፣ ፊታቸውን እንዳጨማደዱ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አስመጡና ጨውን ከዚያ ከተገሸለጠ ቆዳ ላይ በጣታቸው ጫፍ ማጠብ ጀመሩ። ጓንት አያደርጉም። አንዴ ለምን ብዬ ጠይቄያቸው "በጓንት የቆዳው ትኩሳት አይሰማኝም" ብለውኛል። አፋቸው እየተሳደበ ጣታቸው ግን የሚሄደው የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚነካ ሰው ነው። ልጁ ትንፋሹን ውጦ ቆየ፤ በኋላ ዓይኑን ጨፈነ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ያንን እዥ ከቅርብ እያየሁ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሌላ ጊዜ ከጉና በኩል አንዲት ሴት መጣች። ድንች ስትቆፍር ውላ ማጅራቷን ፀሐይ በልቷታል። እሷ ደግሞ የዶሮ ኩስ በአመድ ለውሳ ለጥፋበታለች። ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥሩ ይረጥባል። ሽታው አሁንም ከአፍንጫዬ አልወጣም። ሲስተር በሩን በርግደው ከፈቱትና "ዶሮዋ ምን ውለታ ውላልሽ ነው፣ አንቺ፣ ኩሷን የምትሸከሚላት?" አሏት። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ኩሱን ሲያለሰልሱ፣ ሲያነሱ፣ እንደገና ሲያለሰልሱ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ወጥተው ከጓሮ አስመለሱ። አፋቸውን ተጉመጥምጠው ተመለሱና የተልባ ውሃ ቀቡላት።

ተልባቸው ለብቻው ይወራለታል። ተልባ ቀቅለው፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው፣ ጥላ ውስጥ ያቀዘቅዙታል። ሲወጣ ልክ ጉንፋን የያዘው ሰው ንፍጥ ነው፤ ዝልግልግ፣ ከማንኪያ ላይ እየተሳበ የማይበጠስ። እሳቸው ራሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው እጃቸውን የሚከቱበት። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፦ "እፎይ።"

አንድ ሕግ ነበራቸው። ቃሉ አንድ ብቻ ነው፦ "አሳዪኝ።" ወንድ ከሆነ "አሳየኝ።" ለቆዳ የሚሆን ነገር የፈለገ ሰው ቆዳውን ሳያሳይ ከዚያ ቤት አንድ ነገር ይዞ አይወጣም። የታመመው ሌላ ሰው ከሆነ "ራሱ ይምጣ" ይላሉ። አንድ ቄስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ሲያሳዩ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይኼንን ሕግ ያፈረሱት ለአንድ ሰው ነው፤ ለእመቤት።

እመቤት ንጹሕ ናት። ጥፍሯ፣ ነጠላዋ፣ ጫማዋ፣ ሁሉም ነገሯ። በጭቃ ቀን እንኳ ጫማዋን አራግፋ፣ ደፍ ላይ ጠርጋ ነው የምትገባው። ሲስተር ሲያዩዋት ፊታቸው ይፈታል። "ነይ የኔ ንጹሕ፤ አንቺን ሳይ ዓይኔ ያርፋል" ይሏታል። እኔ እቀና ነበር። ባለፈው ክረምት የእማዬ እጅ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጠቀ፤ የሰው ልብስ ስለምታጥብ ነው። ሲስተር አዩትና ለቆዳ ሕመም የሚሆን ክሬም ሰጧት። ካርቶኑ ላይ በእጃቸው ጻፉበት፦ ለእጅ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሁለት ሳምንት። ክሬሙን የምታመላልሰው እመቤት ናት። ሲያልቅ "ለእማዬ እጅ" ትላለች፤ ይሰጧታል። እንደገና ትሄዳለች፤ ይሰጧታል። እኔ አቧራ እየጠረግሁ ሰምቻቸዋለሁ። "አሳዪኝ" ያሏት ቀን ግን የለም።

የእመቤት ሠርግ በጥር መጨረሻ ተቆርጦ ነበር። ሙሽራው ከጉና ግርጌ ነው፤ ቤተሰቡ ጨዋ፣ ብዙ፣ ወሬውም ብዙ። ከመስከረም ጀምሮ የእመቤት ፊት ነጣ፣ ጠራ፣ አንጸባረቀ። ሰው "የሠርግ ወዝ ነው" ይላል። ጥምቀት ደረሰ። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ከታቦቱ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ ዋለች። አማቾቿ እያዩዋት ፊቷን ልትሸፍን ነው እንዴ?

በማግስቱ ፊቷ ፊት አልነበረም። ዓይኖቿ ሁለት ቀጭን መስመር ሆነዋል። ጉንጮቿ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀልተው፣ ከላያቸው የሞተው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። አክስቴ ውድነሽ ገና ሳይነጋ ደርሳ ያላትን ቅቤ ሁሉ አምጥታለች፤ ሦስት ወር ቅል ውስጥ የከረመ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ቅቤ። በእመቤት ፊት ላይ ወፍራም አድርጋ መረገችው። ቅቤው በፊቷ ትኩሳት ቀልጦ ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ትራሱ ይወርዳል። ዝንቡ ቤቱን ሞላው። አንዱ ዝንብ ጉንጯ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ክንፉን ሲያርገበግብ አይቻለሁ። ይኼን ማየት ግን ነፍሴ አልነበረም።

አክስቴ በዚያ ላይ ወንዛዬ የሚወስዳቸው መኪና ጠርታለች። "ፍል ውሃው ነው ፀሐዩን ከውስጧ የሚያወጣላት" ትላለች። እኔ ለማንም ሳልነግር ወደ ሲስተር ሮጥኩ።

ሲስተር ተከትለውኝ መጥተው ደፉ ላይ ቆሙ። ሽታው ከውጭ ያዛቸው።

"እህህህ! ማን ነው የሞተው እዚህ ቤት?"

"ኧረ ሲስተር፣ ቅቤ ነው" አለች አክስቴ። "ትንሽ ያልባትና ወንዛዬ እንወስዳታለን።"

"የተቀቀለች ልጅ ደግማችሁ ልትቀቅሉ? መኪናውን መልሺው!"

እማዬ ግራ ቢገባት ጊዜ ቀዝቃዛ እርጎ ይዛ መጣች። አክስቴ እጇን ያዘቻት። "ረቡዕ እኮ ነው! ከንፈሯ ላይ ቢወርድስ? ልታስገድፊያት ነው?"

"ፊቷ ላይ ያለውስ ምንድን ነው፣ ውድነሽ?" አሉ ሲስተር። "ጎመን ነው?"

ከዚያ ተቀመጡና ማጠብ ጀመሩ። የቀዘቀዘ ውሃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጣት። ቅቤው ከተላጠው ቆዳ ጋር ጥቅልል እያለ ይመጣል፤ ጨርቁን ወደ እኔ ያቀብሉኛል፤ እኔ ወደ ባልዲው። እመቤት ትርገበገባለች። ሲስተር "አይዞሽ የኔ ንጹሕ፣ አይዞሽ" ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ባልዲው ዞር ብለው "ኤጭ!" ይላሉ። በሁለት ድምፅ ነበር የሚሠሩት።

ቅቤው ሲያልቅ ጎንበስ ብለው ጉንጯን አዩ። የደም ሥሮቿ እንደ ቀይ ክር በቆዳዋ ሥር ተጠላልፈዋል፤ ጉንጯ ላይ ያልነበረ ጠጉር በቅሏል። እኔ እስከዚያ ድረስ አላየሁትም ነበር።

"ምን ነበር የምትቀቢው?" አሏት ቀስ ብለው።

"ምንም።"

"እመቤት።"

"ሎሽን... ሰው ሁሉ የሚቀባው።"

እኔ አውቃለሁ። የክረምት ቦት ጫማዋ ውስጥ ነው የምትደብቀው። እንዳልናገር በዓይኗ መስመር እያየችኝ ነበር። ሄጄ አመጣሁት። አምስት ካርቶን። ሲስተር አንዱን ወደ መስኮቱ አዙረው አነበቡት። የራሳቸው ጽሑፍ ነው፤ ለእጅ፣ ጠዋትና ማታ።

ወደ እማዬ ዞሩ። "እጅሽን አሳዪኝ።"

እማዬ ሁለቱንም እጇን ዘረጋች። ደህና ነው፤ ለስላሳ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የዳነው?"

"ኧረ ከመስከረም ጀምሮ ድኗል እኮ፣ ሲስተር። እግዜር ይስጥልኝ፣ መድኃኒትዎ ፈውስ ነው።"

ሲስተር ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ፊታቸውን ያጨማድዳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላጨማደዱም። እንዲያ ባዶ የሆነ ፊት አይቼ አላውቅም። "ይሄ ክሬም ቆዳን ያሳሳል" አሉ። "ለእጅ ነው የሰጠሁት። ፊት ላይ አራት ወር... በወረቀት ፊት ነው ጥምቀት የዋለችው።" እመቤት ትራሱ ውስጥ ገብታ አለቀሰች፤ እሳቸው "እንባሽ ጨው ነው፣ ያቃጥልሻል" ብለው በጨርቅ ያዙላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ መጡ። መስኮቱን በጋቢ ጋረዱ፣ የተልባውን ውሃ ቀቡ፣ ውሃ በብዛት አጠጧት፣ ክሬሙን ከለከሏት፤ ክሬሙ ሲቋረጥ የመጣባትን ማሳከክም እጇን ይዘው አሳለፉላት። የሞተው ቆዳ በራሱ እንዲወድቅ እንጂ ማንም እንዳይነካው አዘዙ። እኔ አንዴ አንዱን ልጣጭ ሳብ ሳደርግ ይዘውኝ ጆሮዬን ቆነጠጡኝ። ቃጠሎው እየበረደ ሄደ፤ ፊቷ ግን ዥንጉርጉር ሆነ። የተላጠው ሮዝ፣ ያልተላጠው ጠይም።

ዥንጉርጉር መሆኑ ነው መዘዙ። አንዲት ጎረቤት ልትጠይቅ ገብታ አየቻት፤ በሦስተኛው ቀን ወሬው ጉና ግርጌ ደረሰ። ሙሽሪት ለምጽ አለባት፤ በዘራቸው ያለ ነው፤ እስከ ዛሬ በቀለም ሸፍነውት ኖሯል ተባለ።

የሙሽራው አጎት አያ ደሴና አክስቱ እትዬ ስንዱ ሊያረጋግጡ መጡ። ሠርጉ ስድስት ቀን ቀርቶታል። አክስቴ ጓዳ ውስጥ ሲስተርን ይዛ፣ "በፀሐይ ነው በሉ፤ ሌላ አንድ ቃል እንዳይወጣዎት" ስትላቸው ሰምቻለሁ። እመቤት ነጠላዋን ተከናንባ ወጥታ ተቀመጠች። አያ ደሴ ከነጠላው ሥር ተመለከቷትና ዓይናቸውን መለሱ።

"ሲስተር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት" አሉ። "ይህ ነገር ምንድን ነው?"

"የፀሐይ ቃጠሎ ነው፤ ለምጽ አይደለም።"

"የእኛ ሴቶች ልጆችስ?" አሉ እትዬ ስንዱ። "ያቺው ፀሐይ ላይ አልዋሉም? ምነው የእነሱ ፊት እንደ ነብር አልሆነ?"

መልሱን የምናውቅ ሁላችንም ወለሉን አየን። ፊቷን ለማንጣት ብላ፣ በእናቷ እጅ አሳብባ፣ አራት ወር ዋሽታ ከተባለ ለምጹ ቢቀር እንኳ ሙሽሪት አትፈለግም። እመቤት አፏን ከፈተች። ሲስተር እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ጫን አደረጉ፤ አፏ ተዘጋ።

"የሰጠኋት ክሬም ነው" አሉ ሲስተር። "እኔ ነኝ። ከመድኃኒት ቤቴ የወጣ ነው። ቆዳዋን አሳስቶ ለፀሐይ የሰጣት እሱ ነው። ሳላይ ሰጠሁ። ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። በዘር የለም፣ አይጋባም፣ ይድናል። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"እርስዎ?" አሉ አያ ደሴ። "እኛ ስንት ሰው ወደ እርስዎ የላክን?"

"እኔ።"

አያ ደሴ ዱላቸውን አንስተው ተነሱ። "እንግዲያስ ልጅቱ ምን አደረገች?" አሉ ወደ እማዬ። "ሠርጉ በቀኑ ነው። ልጅቱን በመጠርጠራችን እኛ አፈርን።" እማዬ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

እትዬ ስንዱ ግን አልረኩም። ሲስተርን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። ያንን አስተያየት እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ሲስተር ሰውን ሲያዩበት እንጂ ሲታዩበት አላየሁም። "ቱ! መርዘኛ" አሉና እግራቸው ሥር ተፉባቸው፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ወጡ።

ምራቁ ወፍራም ነበር፤ የሲስተርን የጫማ ጫፍ ነክቶ ወለሉ ላይ ይንጸባረቃል። እኔ ጨርቅ ይዤ ሮጥኩ።

ሲስተር ጨርቁን ከእጄ ወሰዱት። "ተይው" አሉኝ። "የእኔ ነው።"

ተንበርክከው ጠረጉት።